ለአነስተኛ የጓሮ አትክልት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና ግብዓቶች፦ ከአመራረጥ እስከ አያያዝ

የጓሮ አትክልት ማልማት ስጀምር በአንድ ቀን 11 መሣሪያ ገዝቼ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ ዛሬም የምሠራባቸው 3 ብቻ ናቸው። ከቀሩት አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ሳምንት አንገታቸው ታጥፎ ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ ሌሎቹ ደግሞ አንድም ቀን ሥራ ሳያገኙ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀሉ ዛጉ። ጥፋቱ ሁሉ የመሣሪያዎቹ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዋናው ስህተት አፈሬ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መደቡ ምን ያህል ስፋት እንደሚኖረው፣ ውሃው በምን እንደሚመጣ ሳላውቅ ገበያ መውጣቴ ነበር። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከግዢ አይጀምርም፤ ቦታውን ከማወቅ ተነሥቶ መሣሪያውንና ግብዓቱን ሥራው ራሱ በሚጠይቅበት ቅደም ተከተል ያነሣል። እዚህ ላይ አነስተኛ የሚባለው ከ5 እስከ 30 ካሬ ሜትር የሚደርስ መሬት ወይም በረንዳ ላይ የተደረደሩ ጥቂት የመትከያ ዕቃዎች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቦታውንና አፈሩን መመርመር

ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልጉት ሜትር፣ እርሳስና ወረቀት፣ ክዳን ያለው ግልጽ የብርጭቆ ዕቃና ከጎረቤት የሚዋሱት አካፋ ናቸው። በመጀመሪያ ቦታው በቀን ለስንት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ እንደሚያገኝ ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ እየወጡ ይመዝግቡ። እንደ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉ ፍሬ የሚሰጡ አትክልቶች ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ሰላጣን የመሳሰሉ ቅጠላቸው የሚበላው ግን ከ3 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ቢያገኙም ይበቅላሉ። ጥላ የበዛበትን ቦታ በመሣሪያም ሆነ በማዳበሪያ ማካካስ ስለማይቻል፣ ይህ ምዝገባ ከሚያወጡት ገንዘብ ሁሉ ይቀድማል።

ቀጥሎ አፈሩን ይመልከቱ። ከ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ጥቂት አፈር አውጥተው፣ ድንጋዩንና ሥሩን ለቅመው፣ የብርጭቆውን ዕቃ አንድ ሦስተኛ ይሙሉት፤ ከዚያም ውሃ ጨምረው፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርገው፣ ክዳኑን ገጥመው ለጥቂት ደቂቃዎች በኃይል ይናጡትና ሳይነቃነቅ ያስቀምጡት። በ1 ደቂቃ ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው አሸዋ ነው፤ በ2 ሰዓት ገደማ በላዩ የሚተኛው ደለል ነው፤ ውሃው እስኪጠራ 1 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚያስጠብቀው የላይኛው ንብርብር ደግሞ ሸክላ ነው። የእያንዳንዱን ውፍረት በማስመሪያ ለክተው ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሆነ ያስሉ። ሸክላው ከ40 በመቶ ካለፈ አፈሩ ከባድ ነው፤ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ስለሆነ ጠንካራ የአፈር ሹካና ወፍራም አንገት ያለው መኮትኮቻ ይጠይቃል። አብዛኛው አሸዋ ከሆነ ቀለል ያሉ መሣሪያዎች ይበቁታል፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለኮምፖስት (ከቅጠልና ከልጣጭ ለሚዘጋጅ ብስባሽ) እና ለውሃ ማጠጫ ነው።

ውሃ የሚያሰርግ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት፤ ከሰረገ በኋላ እንደገና ሞልተው የውሃው ከፍታ በ1 ሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀነሰ ይለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሥር የሚያበሰብስ ቦታ ነውና ከመሬት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይሻላል። ቦታው ቀድሞ ጋራዥ ከነበረ ወይም ከአጠገቡ ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ ግድግዳ ካለ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በአፈሩ ሊኖር ስለሚችል የሚበላ ነገር ከመትከልዎ በፊት አፈሩን በላቦራቶሪ ያስመርምሩ። በዚያው አጋጣሚ የአሲዳማነት መጠኑንም ይወቁ፤ አብዛኞቹ አትክልቶች የሚስማማቸው ፒኤች (pH) በሚባለው የአሲዳማነት መለኪያ ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ነው፤ ሳይመረመር አሲዱን ለመቀነስ ብሎ ኖራ መበተን ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ደረጃ 2፦ መደቡን ለክቶ ማስመር

እዚህ የሚያስፈልገው 4 ችካልና አንድ ጥቅልል ሲባጎ ነው። የመደቡ ወርድ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ይህም በሁለቱም በኩል ተንበርክኮ መሐሉ ድረስ እጅን ማድረስ እንዲቻል ነው። በግድግዳ ጥግ የሚሠራና በአንድ ወገን ብቻ የሚደረስበት መደብ ከሆነ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በመደቦች መካከል የሚቀረው መተላለፊያ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የእጅ ጋሪ የሚያልፍበት ከሆነ ግን ከ70 በታች ማድረግ በየጊዜው የመደቡን ጠርዝ ማፍረስ ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንዱ ወገን 60 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ይለኩ፤ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ሲባጎ ልክ 1 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ትክክል ነው። የመደቡን ውስጥ በእግር አለመርገጥ ከሁሉም በላይ የሚጠበቅ ሥርዓት ነው፤ በእግር የተጠቀጠቀ አፈር አየርም ውሃም አያስገባም፣ እንደገናም ለመቆፈር ተጨማሪ ጉልበት ይፈጃል።

ደረጃ 3፦ ዋናዎቹን የእጅ መሣሪያዎች መምረጥ

ለአንድ አነስተኛ ቦታ በእኔ ግምት 5 መሣሪያዎች ይበቃሉ፤ እነርሱም መቆፈሪያ፣ መኮትኮቻ፣ ሬክ፣ ትንሿ የእጅ አካፋና የመግረዣ መቀስ ናቸው። በረንዳ ላይ ብቻ የሚተክል ሰው ከእነዚህ የሚፈልገው የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ነው።

መቆፈሪያውን በተመለከተ አፈሩ ይወስናል። ለስላሳ አፈር ላይ አፉ ሾጠጥ ያለ አካፋ ሁሉንም ይሠራል፤ ይቆፍራል፣ ይዝቃል፣ ኮምፖስት ይበትናል። ሸክላ በበዛበት ወይም ድንጋይ በሚበዛበት አፈር ግን 4 ጥርስ ያለው የአፈር ሹካ ይሻላል፤ ጥርሶቹ በስንጥቅ ውስጥ ስለሚገቡ አፈሩን ሳይገለብጡት ያላሉታል፣ የምድር ትልንም እንደ አካፋ አይቆራርጡም። ሹካውን እስከ ጥርሱ መጨረሻ ተክለው እጀታውን ወደ ራስዎ ጥቂት ያዘንብሉት፤ አፈሩ ከፍ ብሎ ሲሰነጠቅ ይተዉትና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደው ይድገሙት። ዶማ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያ ጊዜ በሚታረስ ጠጣር መሬት ላይ ብቻ ስለሆነ ለሁለት ቀን ሥራ ከመግዛት መዋስ ይመረጣል።

መኮትኮቻ የአትክልተኛ ዋና መሣሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች በዓመት ጥቂት ቀናት ሲያገለግሉ እርሱ በየሳምንቱ ይወጣል። ብዙ ሰው እንደ መቆፈሪያ ከፍ አድርጎ እየመታ ስለሚሠራበት ይደክማል፣ የአትክልቱንም ሥር ይጎዳል። ትክክለኛው አያያዝ አፉን ከመሬት ጋር ጋደም አድርጎ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጠልቆ ወደ ራስ መሳብ ነው። አረሙ ገና እንደ ክር ቀጥኖ ብቅ ባለበት ጊዜ፣ ፀሐይ በወጣና አፈሩ ላዩ በደረቀ ሰዓት ቢኮተኮት፣ የተቆረጠው ሁሉ እዚያው ጠውልጎ ይደርቃል። ጠልቆ መኮትኮት ግን ከታች ተኝቶ የነበረውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ አረም የምናፈላው በገዛ እጃችን ነው። ለ120 ሴንቲ ሜትር መደብ የአፉ ስፋት ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በተክሎች መካከል በቀላሉ ይገባል።

ሬክ መደቡን ለማስተካከልና ጓሉን ለማድቀቅ ያገለግላል፤ ጥርሶቹ ከአንድ ወጥ ብረት የወጡ ቢሆኑ ይመረጣል፣ በብየዳ የተለጠፉት ድንጋይ ሲያገኙ ይነቀላሉ። ትንሿን የእጅ አካፋ ሲመርጡ ትኩረትዎ ምላሷና እጀታዋ የሚገናኙበት አንገት ላይ ይሁን፤ የእኔ የመጀመሪያዋ የታጠፈችው በዚያ ቦታ ነበር። ከገዟት በኋላ በምላሷ ላይ በሞረድ 5፣ 10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ጭረት ቢያወጡባት የመትከያውን ጥልቀት ለመለካት ሌላ መለኪያ አያሻዎትም።

የመግረዣ መቀስ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሁለቱ ምላጮች እንደ ተራ መቀስ ጎን ለጎን ይተላለፋሉ፤ በሁለተኛው አንድ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ አርፎ ይቆርጣል። ሕይወት ላለው ግንድ የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ ሁለተኛው ርጥቡን ግንድ ስለሚጨፈልቀው ለደረቀ እንጨት ብቻ ይመቻል። ውፍረቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነን ቅርንጫፍ በእጅ መቀስ አይሞክሩ፤ ምላጮቹ ይራራቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ቀጭኑን እንኳ በጥራት መቁረጥ ያቅታቸዋል። እንዲህ ላለው እጀታው ረጅም መቀስ ወይም ትንሽ መጋዝ ይጠቀሙ። የታመመ ተክል ከቆረጡ በኋላ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ምላጮቹን 70 በመቶ በሆነ አልኮል ይጥረጉ።

የትኛውንም ባለ ረጅም እጀታ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት በእጅዎ አንሥተው ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው ብረቱና እጀታው የሚያያዙበት ቦታ ነው፤ ከስስ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የኋላው ስንጥቅ ክፍት የቀረ ከሆነ አፈር ይገባበታል፣ ሲጫኑትም ይከፈታል፤ ተቀጥቅጦ የተሠራና ዙሪያውን የተዘጋ ግን ዕድሜ ይሰጣል። ሁለተኛው የእንጨቱ ጭረት ነው። የተፈጥሮ ጭረቱ ከእጀታው ጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተለ ቢሄድ ጥሩ ዛቢያ ነው፤ መንገድ ላይ አግድም ወደ ጎን ከወጣ ግን አንድ ቀን የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ቀለም የተቀባ እጀታ ይህን ጭረትና የእንጨቱን ጉጥ ስለሚደብቅ እኔ ያልተቀባውን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ልኩ ነው፤ አካፋ ወይም መኮትኮቻ ከአጠገብዎ ሲቆም ጫፉ ከደረትዎ እስከ ትከሻዎ ባለው መካከል ቢደርስ ወገብዎ ሳይጎብጥ ይሠራሉ። የሚያጥር ዛቢያ በርካሽ ቢገኝም ውሎ አድሮ ወገብን ያስከፍላል።

የማይዝግ ብረት ይሻላል ወይስ ተራው የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የማይዝገው ለማጽዳት ይቀላል፣ የሚጣበቅ አፈርም ቶሎ ይለቀዋል፤ ተራው ብረት ግን በሞረድ በቀላሉ ስለሚሳል ስለት ለሚያስፈልገው መኮትኮቻና መቀስ ይመቻል። የእጅ ጋሪን በተመለከተ ቦታዎ ከ15 ካሬ ሜትር በታች ከሆነ ሁለት ጠንካራ ባልዲዎች ሥራውን ይሸፍናሉ።

ደረጃ 4፦ የውሃ ዕቃዎች

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት የሚያስፈልገውን ውሃ ማስላት ይቀድማል። አትክልት በአማካይ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ ይህ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር ማለት ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ውሃ ማጠጫ ላለው ሰው 4 ካሬ ሜትር መደብ በሳምንት 10 ምልልስ ይሆንበታል፤ ይህ የሚቻል ነው። መደቡ 20 ካሬ ሜትር ከሆነ ግን ምልልሱ 50 ይደርሳል፤ አንድ ሙሉ ማጠጫም ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ወደ ጎማ መሸጋገር የግድ ይላል። ሙቀትና ንፋስ ሲበረታ መጠኑ ከፍ ይላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የወረደው ይቀነሳል።

ውሃ ማጠጫ ሲገዙ ወንፊቱ ቀዳዳው ደቃቅና የሚነቀል መሆኑን ይመልከቱ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ውሃው ዘሩን ከቦታው ጠርጎ ያወጣዋል፤ የማይነቀል ከሆነ ደግሞ በቅጠልና በዝቃጭ ሲደፈን ማጽጃ መንገድ የለውም። የውሃ ጎማ የውስጡ ስፋት 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለቤት ይበቃል፤ ርዝመቱን ከቧንቧው እስከ መጨረሻው መደብ ጥግ ድረስ ለክተው 2 ሜትር ብቻ ይጨምሩ፣ ጎማ በረዘመ ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳልና። ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ ለማወቅ 10 ሊትር ባልዲ ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት ይያዙ፤ በ50 ሴኮንድ ከሞላ በደቂቃ 12 ሊትር ይሰጣል፤ ስለዚህ 4 ካሬ ሜትሩን በሳምንት ለማጠጣት ከ8 ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ይበቃል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ የቀረው ውሃ ተክል እስከማቃጠል ሊሞቅ ስለሚችል የመጀመሪያውን በባልዲ አፍስሰው ያቀዝቅዙት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማያስከፍለው መሣሪያ ጣት ነው። ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ያስገቡ፤ ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማዎት ውሃው ይቆይ፣ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ። ላዩን ብቻ አይቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ያስቀረዋል፤ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ጠለቅ አድርጎ፣ በተቻለ መጠን ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ማጠጣት ይሻላል። አዲስ የተዘራ ዘርና ገና የተተከለ ችግኝ ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው፤ እስኪይዙ ድረስ አፈሩ ላዩ መድረቅ የለበትም። ከጣሪያ ውሃ ለማጠራቀም በርሜል የሚያስቡ ከሆነ 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚወርድ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 200 ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ በርሜሉ ግን የወባ ትንኝ እንዳይራባበት በጥብቅ ክዳን ወይም በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን።

ደረጃ 5፦ አፈሩን የሚመግቡ ግብዓቶች

ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ከመሣሪያው ቀንሰው እዚህ ላይ ይጨምሩ። ደህና አፈር በተዋሰ አካፋም ያፈራል፤ የደከመ አፈር ግን በምርጥ መሣሪያ ቢገለበጥም ያው የደከመ ነው።

የመጀመሪያው ግብዓት በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ለአዲስ መደብ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሰው ከላይኛው አፈር ጋር ያዋህዱት፤ ይህ ለ1 ካሬ ሜትር 50 ሊትር፣ ማለትም 5 ባለ 10 ሊትር ባልዲ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከላይ መበተን ይበቃል። ሲገዙ ዘግነው ያሽትቱት፤ የበሰለው ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር የሚልና ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ነው። የአሞኒያ ወይም የግማት ሽታ ካለው፣ ወይም የተጣለበት ነገር ገና ቅርጹን ይዞ ከታየ አልበሰለምና ጥቂት ወራት ይቆይ። በቤት ለማዘጋጀት ደግሞ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባና ካርቶን በመጠን ከአረንጓዴ ሣርና ከወጥ ቤት ልጣጭ በ2 ወይም 3 እጥፍ እያበዙ ይደርድሩ። ክምሩ በሁሉም አቅጣጫ 1 ሜትር ያህል ካልደረሰ በቂ ሙቀት አይፈጥርም፤ ቀስ ብሎ ግን ይበሰብሳል። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን።

ፍግ ከተገኘ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ትኩስ ፍግ ተክል ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ይይዛል። ስለዚህ ከኮምፖስት ጋር እስኪበስል ይጠብቁ፤ ትኩሱ ወደ መሬት ከገባ ደግሞ ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር የሚነካ አትክልት እስኪለቀም ቢያንስ 4 ወር ይለፍ። የውሻና የድመት ኩስ በምንም መልኩ አይጠቀሙ። ፋብሪካ የሚያመርተውን ማዳበሪያ የሚጠቀም ሰው በከረጢቱ ላይ የተጻፉት 3 ቁጥሮች በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፌትና የፖታሽ መጠን በመቶኛ መሆናቸውን ይወቅ፤ ናይትሮጅን የበዛበትን ለቲማቲም አብዝቶ መስጠት ቅጠሉን አፋፍቶ ፍሬ ያሳጣል።

ሁለተኛው ጉዝጓዝ ነው። ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ዘር ያልያዘ የደረቀ ሣር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በተክሎቹ መካከል ቢነጠፍ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ዝናብ አፈሩን ወደ ቅጠሉ እንዳይረጨው ይከላከላል። ከግንዱ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፣ ከተጠጋው ግንዱ ይበሰብሳል። ችግኙ ትንሽ ሆኖ ቀንድ አውጣ የሚበዛበት ወቅት ከሆነ ጥቂት ሳምንታት ዘግይተው ያንጥፉ።

ደረጃ 6፦ ዘር፣ ችግኝ፣ የመትከያ ዕቃና ድጋፍ

ዘር ሲገዙ የታሸገበትን ዓመት ያንብቡ። የሽንኩርት ዘር ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ የቲማቲም ዘር ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ዘር በአጠቃላይ ከውፍረቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ጥልቀት ይዘራል፤ ደቃቁን በጥልቀት መቅበር ብዙ ጀማሪ ዘሩ መጥፎ ነው ብሎ እንዲያማርር የሚያደርግ ስህተት ነው። ለችግኝ ማፍያ ልዩ ሳጥን አያስፈልግም፤ ከታች የተበሳ ማንኛውም ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ንጹሕ ዕቃ ይሆናል።

በዕቃ የሚተክሉ ከሆነ ለሰላጣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ለአንድ ቲማቲም ግን 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ዕቃ ያዘጋጁ። ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ከታች ጠጠር መደልደል ግን የቆየ የተሳሳተ ልማድ ነው፤ ውሃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሰፊው ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ፣ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ላይ ይቋጠርና የሥሩን ቦታ ያጠባል። ቀዳዳውን በደቃቅ መረብ ሸፍኖ ዕቃውን በሙሉ በአፈር መሙላት ይሻላል። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ብቻውን በዕቃ ውስጥ ስለሚጠጥር ከኮምፖስትና ከሌላ ቀለል ካለ ነገር ጋር ይቀላቀል።

ለሚንጠላጠሉ ተክሎች 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ካስማ ችግኙ በሚተከልበት ዕለት ይቸንከሩ፤ በኋላ ሲተክሉት ሥሩን ይበጥሳል። ግንዱን ሲያስሩ ሲባጎውን የ8 ቁጥር ቅርጽ አድርገው፣ አንዱን ቀለበት በካስማው ሌላውን በግንዱ ዙሪያ ላላ አድርገው ያዙሩት፤ ግንዱ ሲወፍር አንቆ እንዳይቆርጠው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉለት። እያንዳንዱን መደብ የዘሩን ስምና የተዘራበትን ቀን በጻፉበት ምልክት ለይተው ያስቀምጡ፤ ቀለም የማይለቅ እርሳስ ከእስክሪብቶ ይልቅ ፀሐይን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ለራስ የሚደረግ ጥንቃቄ

ጓንት በልኩ ይመረጥ፤ የሰፋ ጓንት ከሌለ ይሻላል ያስብላል፣ ጣት ውስጥ እየተጠቀለለ ያቆስላል። ጫማው ጣትን የሚሸፍን፣ ታችኛው ሶል ጠንካራ ይሁን። የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ተሕዋስ በአፈር ውስጥ ስለሚኖር ክትባትዎ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዛገ የመሣሪያ ጥርስ መወጋት ብቻ ሳይሆን ተራ ጭረትም በር ይከፍትለታል። የተባይ መድኃኒት መግዛት ግድ ከሆነ በመለያው ላይ የተጻፈውን መጠንና የመታቀቢያ ቀን፣ ማለትም ከተረጨ በኋላ አትክልቱ ሳይለቀም መቆየት ያለበትን ጊዜ፣ ይጠብቁ፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ለሕፃናት ሞት የሚዳርግ ድርጊት ነው። ብዙ ጊዜ ግን በጠዋት ወጥቶ ትሉን በእጅ መልቀም ይበቃል።

ደረጃ 8፦ መሣሪያን መንከባከብ

ሥራ ባለቀ ቁጥር አፈሩን በእንጨት ፍቆ፣ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ ማስቀመጥ 2 ደቂቃ ይፈጃል። በወር አንድ ጊዜ ብረቱን በምግብ ዘይት ቀባ ያድርጉት፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ አሉ፣ ነገር ግን ዘይቱ ተመልሶ ወደ አፈሩ ስለሚገባ አልመክረውም። የዛገውን በአቼቶ ውስጥ አሳድረው በብረት ሱፍ ይፈግፉት፤ ከዚያ በውሃ አለቅልቀው፣ ወዲያው አድርቀው ዘይት ይቀቡት።

መኮትኮቻ ለመሳል ብረቱን በሞርሳ ጠበቅ አድርገው ያሥሩ፤ ሞርሳ ከሌለ ዛቢያውን በጉልበትዎ አግደው መሬት ላይ ያስደግፉት። ጓንት አድርገው፣ ጠፍጣፋ ሞረድ በቀድሞው የስለት ዘንበል ላይ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አሳርፈው ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፤ ሲመልሱት ከብረቱ ላይ ያንሡት፣ ሞረድ የሚቆርጠው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሆኖ ወደ ኋላ መጎተት ጥርሱን ያደነዝዘዋልና። ጠርዙ ዳር እስከ ዳር ብሩህ መስመር ሲሆን በቂ ነው። እንደ ምላጭ ማሾል አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ጠጠር ይሸርፈዋል።

የዛቢያ መላላት የራሱ ትምህርት አለው። አንድ ጊዜ የመኮትኮቻዬ ራስ ሲላላ በባልዲ ውሃ ነክሬው አሳደርሁ፤ ጠዋት እንጨቱ አብጦ ጥብቅ አለ፣ እኔም ተገላገልሁ ብዬ ሠራሁበት። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ከቀድሞው ብሶ ላላና፣ ብረቱ ከዛቢያው ወጥቶ ከፊቴ የነበረውን ባልዲ ሰነጠቀው። ውሃ የነካው እንጨት ሲያብጥ ጠርዙ ብረቱ ላይ ይጨፈለቃል፣ ሲደርቅም ከመጀመሪያው ይቀጥናል። መድኃኒቱ ከደረቅ ጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ጠርቦ በዛቢያው ጫፍ ላይ መምታት ነው። እጀታውን በዓመት አንድ ጊዜ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት አልስልሰው የተልባ ዘይት ይቀቡት፤ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሞቆ እሳት ሊነሣበት ስለሚችል፣ ውጭ ዘርግተው እስኪደርቅ ይጠብቁ ወይም ውሃ ነክረው ያስወግዱት።

የወቅቱ ሥራ ሲያበቃ ጎማውን አፍስሰው ሳይታጠፍ ጠቅልለው ከፀሐይ ያርቁ፤ ማጠጫውንና ባልዲውን ደፍተው ያስቀምጡ። የተረፈ ዘር ካለ ከእያንዳንዱ 10 ፍሬ ቆጥረው በረጠበ ወረቀት ጠቅልለው፣ ወረቀቱ እንዳይደርቅ በላስቲክ ከተው፣ ሞቅ ባለ ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን ያቆዩት። 8 ከበቀለ ዘሩ ደህና ነው፤ 5 ከሆነ ለሚቀጥለው ወቅት እጥፍ አድርገው ይዝሩት፤ ከ3 በታች ከሆነ አዲስ ይግዙ።